ለአቦ የሰጠሁት ሰው

ተኚ እንጂ ያለምወርቅ፣ ተኚ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል ወለል ስትወለውዪ አድረሽ በቀን ካልተኛሽ መቼ ልትተኚ ነው? መስኮቱን በጆንያ ጋርጃለሁ፣ ወለሉ ላይ ውኃ ረጭቻለሁ፣ ነጠላዬን አርጥቤ ደረቴ ላይ ጣል አድርጌአለሁ፣ አከራዬ ሐጃ ዘይነብ እንኳ አዝናልኝ ዶሮዎቿን ከበሬ ላይ አባርራልኛለች፣ እንቅልፍ ግን ወይ ፍንክች። የካርቱም ፀሐይ በቆርቆሮው ስንጥቅ ገብታ ግድግዳው ላይ ትሄዳለች፤ እዚያ ምስማሩ ጋ ስትደርስ ተነሥቼ ቡስታ ቤት፣ እዚህ ፖስታ ቤትን እንዲህ ነው የሚሉት፣ እሄዳለሁ። ከዳኜ ጋር እነጋገራለሁ። ከዳኜ ጋር! እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ዳዊቴን ገልጬ ስሙን እየጠራሁ የምደግምበትን ሰውዬ ዛሬ በስልክ እንደምን ዋሉ ልለው ነው። ዋሉ ነው ዋልክ? ዱሮ በአበልጅ ወግ አንቱ ነበር የምንባባለው፤ የመጨረሻ ቀን አቦ ደጅ ላይ አንተ ብዬው ሕዝቡ ሁሉ ደነገጠ። አንቱታው ይመለስለት ወይስ ይቅርበት እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ይኸው ፀሐይዋ ወደ ምስማሩ ተጠጋች።

አበልጄ ነው። የሚያናድደኝም ይኼው ነው፤ ባዕድ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው አርፍ ነበር። ሚስቱ ተረፈች የልጅነት ጓደኛዬ ናት፣ ሰበታ መነኮሳይያቱ ዘንድ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፊደል ቆጥረናል፣ ዳዊት ደግመናል። ሴት ልጅ በወለደች ጊዜ ክርስትና የምታነሣልኝ ያለምወርቅ ብቻ ናት ብላ ጠራችኝ፤ በሰማንያ ቀኗ ሙሉዬን ከካህኑ እጅ ተቀብዬ በነጭ ጨርቅ የጠቀለልኳት እኔ ነኝ። ከውኃው ወጥታ ስትንቀጠቀጥ እኔ ደረት ላይ ነው የሞቃት። ዳኜ ያኔ ከሰሜን መጥቶ የጅማ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ጎልማሳ ነው፤ ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ ይሸጣል፣ አባቴ ብቅ ሲል ወንበር ያወጣለታል፣ "ኦቦ ባጫ፣ አካም ጅርቱ" ይላል፣ ኦሮምኛውን ይሰባብረዋል፣ አባቴ ይስቃል። አባቴ ሲስቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። አሁንም እዚህ ቆርቆሮ ሥር ተጋድሜ እሰማዋለሁ፣ ወዲያው ደግሞ የሐጃ ዘይነብ ዶሮ ትጮህና ይጠፋብኛል።

የአባቴ የሣር መሬት ከሰበታ ወደ ተጂ ሲወረድ ሜዳው ላይ ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ መስከረም አደይ ይወርሰዋል፣ ጥቅምት ሲገባ ሣሩ እስከ ወገቤ ይደርሳል፤ ከወጨጫ በኩል ነፋስ ሲመጣ ከዳር ጀምሮ ይጎነበሳል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቀሚሴን ይገፋኛል። ይኸው አሁን ጥቅምት ነው። አባቴ ማጭድ ከማንሣቱ በፊት አንድ አገዳ መዝዞ ያኝካል፤ ጣፋጭ ከሆነ ገና ነው ይላል፣ ደረቅ ካለ ነገ ሰው ጥሩ ይላል። የሱሉልታ ድርቆሽ ነጋዴዎች፣ እነዚያ ከራሳቸው ሣር በቀር ሣር አለ የማይሉ ሰዎች፣ የእሱን ድርቆሽ እጃቸው ላይ አፍተልትለው ያሸቱና ዝም ይላሉ። እኔ ክምሩ ላይ ወጥቼ እረግጣለሁ፣ ወንድሜ ኩምሳ ከታች ያቀብለኛል፣ ፀጉሬ ውስጥ የገባው ሣር ማታ ሲበጠር ይወጣል። እዚህ አገር ሣር የለም። እዚህ ያለው አቧራ ነው፣ ከአቧራው በኋላ ደግሞ ሌላ አቧራ አለ። አንዳንዴ ሆስፒታሉ ጓሮ የአትክልተኛው ቱቦ የፈሰሰበት ቦታ ትንሽ ለምለም ነገር ይበቅልና ጎንበስ ብዬ አሸተዋለሁ፤ ሰው ካየኝ መጥረጊያዬን የጣልኩ መስዬ አነሣለሁ።

ዳኜ "ኦቦ ባጫ ሜዳውን ሸጠውልኛል፣ ዋጋውንም በእጃቸው ተቀብለዋል" ብሎ ሲከስ አባቴ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሁለት ምስክር ቆጠረ። መስቀል ይዞ ማለ። የኔ አበልጅ፣ ልጁን ያቀፍኩለት ሰውዬ፣ ዓይኑን ሳያሽ መስቀል ጨብጦ ማለ፣ ዳኛው አመኑት፣ ተፈረደለት፣ ይግባኙም እንደዚያው ሆነ። አባቴ ከችሎት ወጥቶ አጥሩ ሥር ተቀመጠና "ዋቅኒ ኒ አርጋ" አለ። አምላክ ያያል ማለቱ ነው። እኔ ጮህኩበት፣ አባቴ ላይ ጮህኩበት፣ ካየ ለምን ዝም ይላል አልኩት። "ኢንተለ ኮ" አለኝ፣ ልጄ ሲለኝ፣ "ማየቱን ነው እንጂ የያዝኩት፣ መቼ እንደሚፈርድማ አልነገረኝም።" ከዚያ ወዲያ ስለ ሜዳው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ግን መንገዱን ለወጠ፤ ወደ ተጂ ገበያ ሲሄድ በላይኛው በኩል፣ ሣሩ በማይታይበት ይዞራል። በሚቀጥለው ክረምት ሞተ። ጥቅምት ላይ ሣሩን ዳኜ አሳጨደው፣ ድርቆሹ በቤታችን በር አልፎ ነው ወደ አዲስ አበባ የተጫነው።

እኔ አባቴን አይደለሁም። መጋቢት አምስት፣ የአቦ ንግሥ ዕለት፣ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ከሜዳው የነጨሁትን ሣር በእጄ ይዤ ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበረከክሁ። "አቦ፣ ዳኜን ሰጥቼሃለሁ" አልኩ። ዳኜ እዚያው ነበር፤ ተረፈችም ሙሉዬን አዝላ ነበር። ፊቴን አዞርኩና "አንተን ነው" አልኩት። ሣሩን ደፉ ላይ ጣልኩት። በኛ አገር ሰውን ለአቦ መስጠት ጨዋታ አይደለም፤ ከሰጡ ወዲያ ችሎት መሄድ የለም፣ አብሮ መብላት የለም፣ ነገሩ የጻድቁ ነው፤ ማንሣት የሚችለውም የሰጠው ሰው ብቻ ነው፣ ያውም እዚያው ደጅ ላይ ቆሞ። ይኼ ሁሉ ሳይበቃኝ ምላሴ ቀደመኝና "አንተ ሳትፈርድ የሰበታን አፈር አልረግጥም" ብዬ ተሳልኩ። ማን ተሳይ አለኝ? ማንም። ጻድቁም አላለኝ። ለሥራ ወደ ሱዳን ከሚሄዱ ሰዎች ቤት ወጥ ቤት ሆኜ ተቀጠርኩ፣ እነሱ ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ እኔ ቀረሁ። ፍርዱ ገና ነበራ።

ወር በወር ቡስታ ቤት እሄዳለሁ። ጥሪ አስመዘግባለሁ፣ ጥሪው በአሥመራ ዞሮ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያ ሰበታ ስልክ ቤት ይደርሳል፣ ኩምሳ ቀኑን ስለሚያውቅ እዚያ ይጠብቀኛል። በመስኮት ቁጥር አንድ ወረቀት ይሰጡኛል፣ በመስኮት ቁጥር አራት ማኅተም ይመቱልኛል፣ በመስኮት ቁጥር ሁለት ቡክራ ይሉኛል፤ ቡክራ ማለት ነገ ማለት ነው፣ ግን የትኛው ነገ እንደሆነ አይናገሩም። አብዶ ባይኖር እስካሁን ሰልፉ ላይ በሸበትኩ። አብዶ የጅማ ልጅ ነው፣ መስመር የሚያገናኘው እሱ ነው፣ ሲያየኝ "አካም ጅርታ፣ ኦቦሌቲ" ይለኛል፣ እህቴ ሲለኝ፤ እንባዬ ይመጣል፣ ፊቴን አዞራለሁ። መስመሩ ሲገኝ ኩምሳ "ሣሩ ዘንድሮ..." ብሎ ይጀምራል። አቋርጠዋለሁ። "ዳኜ እንዴት ነው?" የምለው ይህን ነው። ሰው ከአገሩ ርቆ በሦስት ደቂቃ ስልክ እናቱን ይጠይቃል፣ ዝናብ ይጠይቃል፤ እኔ የምናፍቀው ሰው ይመስል ዳኜን እጠይቃለሁ። ዳኜ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ዳኜ የጭነት መኪና ገዛ። ዳኜ ለአቦ ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ አገባ። ያን ቀን ከአቦም ጋር ተጣላሁ፤ ምንጣፉን ተቀበልከው ወይ፣ እግርህን ሞቀህ ወይ እያልኩ እስከ ቤቴ ድረስ መንገድ ለመንገድ ሳወራ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ወደ አገሬ የምመለስበት መንገድ በዳኜ ውድቀት በኩል ነው የሚያልፈው፣ ሌላ መንገድ እንዳይኖር አድርጌ ያጠርኩት ደግሞ ራሴ ነኝ። የፉሪ ጉም ናፈቀኝ ማለቴ ዳኜ ይውደቅ ማለቴ ሆነ። የዓለም ገና ጭቃ ናፈቀኝ ስል እሱ ይሙት ማለቴ ነው።

ዳዊቱስ? መቶ ስምንተኛውን መዝሙር በየጠዋቱ እደግምበታለሁ። ዘመኑ ይጠር፣ አሜን። ሹመቱን ሌላ ይውሰደው፣ አሜን። ከዚያ ልጆቹ ድሀ አደግ ይሁኑ የሚለው ይመጣል፣ እዚያ ላይ ምላሴ ይያዛል፤ ሙሉዬ ከውኃው ወጥታ ደረቴ ላይ ስትንቀጠቀጥ ትዝ ትለኛለች፣ ያንን ቁጥር እዘልና ወደ ንብረቱ እሻገራለሁ። ንብረቱን ባለዕዳ ይበርብረው፣ አሜን። እንዲህ እየመረጥኩ እረግማለሁ። እግዚአብሔርም ያለምወርቅ ዘልላ አንብባለችና እኔም ልጅቷን ልዝለላት ይላል ብዬ ነው መሰለኝ። ይህን የዘመረው ዳዊት ያው ሳኦልን ዋሻ ውስጥ ያገኘው ዳዊት ነው። በየበረሃው የሚያሳድደው ሰው ብቻውን ዋሻው ገባለት፣ ሰይፍ በእጁ ነበር፣ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፣ ለዚያችም ልቡ መታው። ከዚያ ከሩቅ ሆኖ እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ፣ እጄ ግን አንተ ላይ አትሆንም አለው። ቀጥሎስ ምን አደረገ? መንገዱን ሄደ። ሳኦል ሞተ ወይ እያለ ወር በወር ሰልፍ አልያዘም። በኋላ ሲሞትም አለቀሰለት። መነኮሳይያቱ ዘንድ ይህን ስንሰማ ተረፈች በክርኗ ጎሰም አድርጋኝ "እኔ ብሆን አልተወውም ነበር" አለችኝ፣ "እኔም" አልኳት፣ አፋችንን ይዘን ሳቅን።

ባለፈው ሰሞን ኩምሳ ገና ሃሎ ሳልል "ፈረደ!" ብሎ ጮኸ። "አቦ ፈረደ፣ ያለሜ! ነይ እንግዲህ፣ ዕቃሽን ያዢና ነይ!" እጄን አፌ ላይ አደረግሁ፤ እልል ልል ነበር፣ እግዜር ያውቃል፣ እልልታው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ሰበታ ገባሁ፣ ከአውቶቡስ ወረድኩ፣ ጭቃው ጫማዬን ያዘው፣ ሁሉንም ባንዴ አየሁት። ከዚያ "ምን ሆነ?" አልኩ። "ልጅቱ ናት። ሙሉዬ። ጉልበቷ አብጦ መግል ቋጥሮ አልጋ ላይ ከዋለች ሰነበተች፣ ትኩሳቱ እያነደዳት ነው። አገር ሁሉ የአቦ ፍርድ ነው ይላል።" ሐኪምስ አልኩት። ድሬሰሩ አይቷት ዛሬ ነገ ሳትሉ አዲስ አበባ ትልቁ ሐኪም ቤት አድርሷት ብሏቸዋል፤ ዳኜ ግን እንቢ አለ። "አቦ የመታውን ሐኪም አያነሣውም ብሎ ደጁ ላይ አስተኝቷታል። ፈርቷል፣ እንዴት እንደፈራ ብታዪው!" ይላል ኩምሳ ደስ ብሎት፣ የዋህ ነው ወንድሜ፣ የምስራች መስሎት ነው። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ነው። እንዲህ ያለ እግር አይቻለሁ። በጊዜ የመጣው ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ መርፌውን ተወግቶ በእግሩ ይሄዳል፤ ከዘገየው ቆርጠው ያወጡትን ነገር በባልዲ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። "ዳኜንና ተረፈችን ስልክ ቤት አምጣልኝ" አልኩት። "ለምን? ልትሰድቢው ነው?" አለኝ። መስመሩ ተቋረጠ። አብዶ የዛሬውን ጥሪ መዝግቦ ቀኑን ለኩምሳ አስነገረልኝ።

ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም። እዚህ ተጋድሜ ከአቦ ጋር እከራከራለሁ። እሱን ነው እንጂ እሷን መቼ ሰጠሁህ እለዋለሁ፣ እናቷ ጀርባ ላይ እንዳለች አታይም ነበር ወይ እለዋለሁ። ደግሞ ምናልባት አንተ አይደለህም፣ ጉልበት ያብጣል፣ የማንም ልጅ ጉልበት ያብጣል፣ ስምህን ያለ ሥራህ ያነሣነው እኛ ነን እለዋለሁ። ደግሞ ሌላ ድምፅ ይመጣል፣ ደረቅ ድምፅ፣ የኔው ነው፤ ተይው ይላል፣ አባትሽ በላይኛው መንገድ ሲዞር ማን አዘነለት? ከእጅሽ አታውጪው፣ ይማልልሽ፣ መስቀል ይዞ የማለውን በመስቀል ይመልሰው፣ ከዚያ ታነሺለታለሽ። እውነት ነው፣ ዛሬ ዋሻው ውስጥ ነው ያለው። ሜዳውን መልስ ብለው ይመልሳል። ደግሞ የአባቴ ሜዳ ነው፣ የኔ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ብሞት እዚያ ሣር ላይ ብሞት ደስ ይለኛል። ፀሐይዋ ምስማሩን አልፋ ሄዳለች፣ ያለምወርቅ፣ ተነሺ።

መስኮት ቁጥር አንድ። መስኮት ቁጥር አራት። አንድ ጥምጥም የጠመጠመ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ቦታ ሰጠኝ። አብዶ ከውስጥ በእጁ ጠራኝ፣ እንጨቱ ሣጥን ውስጥ ገባሁ፣ መነጋገሪያውን አነሣሁ፣ ባሕር የሚመስለው ጩኸት ጆሮዬን ሞላው፣ ከዚያ ማዶ የሚተነፍስ ሰው አለ።

"አበልጄ?" አለ። ድምፁ አርጅቷል። ለካስ እኔ ሳልኖር ሰው ያረጃል።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እንደምን ዋሉ።" አንቱ አልኩት፤ ምላሴ ራሱ መረጠ።

"ጠፋን፣ አበልጄ። ልጅቷ አለቀች።"

"የት ናት አሁን?"

"ደጁ ላይ ናት። ተረፈች አጠገቧ ናት፣ አልላቀቅም ብላ እኔን ላከችኝ። ይምጡና ያንሡልን። እግርዎ ሥር እወድቃለሁ።"

አሁን። አሁን በይው። መጀመሪያ ማል በይው። አፌን ከፈትኩ፣ ሙሉዬን አየኋት፣ እንደዚያ ቀን እርጥብ ናት፣ ትንቀጠቀጣለች።

"እኔ እስክደርስ እግሯ አይቆይም" አልኩ። "እዚሁ አነሣለሁ።"

"ደጁ ላይ ቆመው ነው የሰጡኝ። ደጁ ላይ ቆመው ካላነሡማ..."

"ዝም ብለው ያድምጡኝ፣ አበልጄ!" ተቆጣሁ። ሣጥኑ ጠባብ ነው፣ በሩን በክርኔ ከፈትኩና መነጋገሪያውን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፤ የቡስታ ቤቱ ሰው ሁሉ አየኝ፣ ሽማግሌው ከአግዳሚው ተነሣ፣ አብዶ ቆመ። "አቦ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "ዳኜን ሰጥቼህ ነበር። መልሼ ወስጄዋለሁ። ሰጥቼህም እጄን ሳላነሣ ቆይቻለሁ፣ ዛሬ አንሥቻለሁ። በእኔና በእሱ መካከል እግዚአብሔር ይፍረድ፣ በወደደው ቀን ይፍረድ። ልጅቷ የኔ ልጅ ናት።" ጉልበቴን ድንጋዩ አቃጠለው። "ሰሙ?"

ያለቅስ ነበር። ወንድ ልጅ ስልክ ላይ ሲያለቅስ ምን እንደሚባል አላውቅም።

"ይኸው ተነሥቷል። ሐኪም ቤት ይውሰዷት፣ መኪና አለዎት አይደል? ዛሬውኑ። ነገ አይደለም። ለሐኪሙም አቦ ምናምን እንዳይሉት፣ መቼ እንዳበጠ ብቻ ይንገሩት።"

"እሺ፣ አበልጄ። እሺ። አሁን እወስዳታለሁ።"

የምለው ነገር አልቋል። ሜዳውን አልጠየቅሁም፣ ልጠይቅም አልፈለግሁም፣ መስመሩ ግን አልተቋረጠም፣ ማዶ ሰበታ አለች፣ በሩ ክፍት መሆን አለበት፣ የአህያ ኮቴ ይሰማል፣ አንድ ሰው በኦሮምኛ ይስቃል። እንዲያው እንዳይዘጋብኝ ብዬ፣ ያን ድምፅ ትንሽ ልስማ ብዬ፣ ኩምሳ ወር በወር ሊነግረኝ ሲል ያቋረጥኩትን ነገር ጠየቅሁት።

"ሣሩ ታጨደ?"

"የት ታጭዶ" አለ ዳኜ እንባውን እየዋጠ፣ "ልጅቷን ይዘን ማን አስቦት። የአባትዎ ሣር ገና እንደቆመ ነው።"

ማዶ ሳቁ ቆመ። ኩምሳ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፣ ባለስልኩም አለ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰውም አለ። ዳኜም ያለውን ሰማ መሰለኝ። የሱቁ ሚዛን፣ የያዘው መስቀል፣ የአባቴ የላይኛው መንገድ፣ ሁሉም መጣብኝ። ሰማችሁ ወይ፣ ሰዎች፣ ሰማችሁ ብዬ መጮህ እችል ነበር። ስንት ዘመን የጠበቅሁት ቃል በገዛ አፉ ወጥቷል።

"በሉ" አልኩት ቀስ ብዬ፣ "መሽቶ መንገድ ላይ እንዳትቀሩ። ሙሉዬን ሳሙልኝ።"

"አበልጄ፣ ያ ሜዳ..." አለ። ባሕሩ መልሶ ዋጠው።

ከወለሉ ስነሣ ቀሚሴ ጉልበቱ ላይ ነጭ ሆኗል፣ ሽማግሌው በአረብኛ ምሕረት ይሁንልሽ ዓይነት ነገር አለኝ፣ ራሴን ነቀነቅሁለት። ተፈረደ? አልተፈረደም? አላውቅም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ ላውቅ አልቸኮልኩም። ዳኜን ሳነሣ ስለቴም አብሮ ተነሥቷል። ሜዳው ነው ፊቴ ላይ የቆመው። እስከ ወገብ ደርሶ፣ ማንም ሳያኝከው፣ ጣፍጦ ይሁን ደርቆ ማንም ሳያውቅለት። ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከቆየ ይወድቃል፣ የወደቀ ሣር ማጭድ አይይዘውም። አብዶ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል፣ ምን እንደሰማ እንጃ፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"እንደ ወትሮው የመጪውን ወር ጥሪ ልመዝግብልሽ፣ ኦቦሌቲ?"

"ተወው፣ አብዶ" አልኩት። "ሣሩ ሳይወድቅ መድረስ አለብኝ።"